ማሊክ አምባር፤ የኪርኪን ከተማ የቈረቈረው ሐበሻ

በምዕራብ ሕንድ፣ ደካን በሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጎብኚ የሚመላለስባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ አለች። ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን አውራንጋባድ ስትባል ኖራ በ2023 ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ተለወጠ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከተማዪቱን በአንድ ቀን አይቶ ለመሄድ የመጣ እንግዳ የሚወሰድበት መንገድ የታወቀ ነው። ጧት የንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ሚስት ዲልራስ ባኑ ወደ ተቀበረችበት ወደ ቢቢ ካ ማቅባራ ይወስዱታል፤ ይህም በ1660 ገደማ ያለቀ፣ የአግራውን ታጅ ማሃል የሚመስል ነጭ ሕንፃ ነው። ቀጥሎ ፓንቻኪ የተባለውን በውሃ ኃይል የሚዞር የእህል ወፍጮ ያሳዩታል። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጥቶ የዳውላታባድን ምሽግ፣ የኩልዳባድን መቃብሮችና ከተራራ ተፈልፍለው የተሠሩትን የኤሎራ ቤተ መቅደሶች ያያል። ማታ ወደ ማረፊያው ሲመለስ በአእምሮው ውስጥ ከሁሉ ጐልቶ የሚቀረው ስም አውራንግዜብ ነው።

ይሁን እንጂ አውራንግዜብ ከመወለዱ 8 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1610፣ ይህችን ከተማ ቈርቍሮ ኪርኪ ያላት ሌላ ሰው ነበር። ይህ ሰው በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ምድር ተወስዶ በባርነት የተሸጠ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሕንድ የደረሰ፣ በመጨረሻም የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የሙጋሎችን ታላቅ ጦር ለ25 ዓመት ያህል ያስጨነቀ ማሊክ አምባር ነው።

የዚህ ሰው ስም በእኛ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቊጥር ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ወገን ሐበሻ ሕንድን ገዛ እያለ ይኵራራል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተሽጦ የሄደ ባሪያ ለአገሩ ምን ክብር ይሆናል በማለት ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው ይወዳል። እኛ ግን ሁለቱም ንግግሮች የሰውየውን ሕይወት ሳይመረምሩ የሚነገሩ ናቸው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ከተማውን በአንድ ቀን እንደሚዞር እንግዳ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወርን፣ እርሱ የሠራውንም እያመለከትን፣ የሕይወቱን ታሪክ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አስበናል። ጉብኝቱን ከመጀመራችን በፊት ግን ኪርኪ እስኪደርስ ድረስ የተጓዘውን ረጅም መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማሊክ አምባር የተወለደው በ1548 ገደማ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ እንደ ነበር ተጽፎ ቀርቷል። የትውልድ አገሩን አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች ከምባታ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሐረር ያደርጉታል። ዘመኑ የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነበር። ከኢማም አሕመድ ጋራ የተደረገው ታላቅ ጦርነት በ1543 ካበቃ ገና 5 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። አገር በተፈታበት፣ መንደር በተቃጠለበት በዚያ ጊዜ ለባሪያ ፈንጋይ የተመቸ ገበያ ተከፍቶ ነበር። ከደጋውና ከቈላው የተነጠቁ ልጆች በነጋዴ እጅ ወደ ባሕር ዳርቻ እየተነዱ፣ በመርከብ ተጭነው ወደ የመን፣ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤና ወደ ሕንድ ይሻገሩ ነበር። ቻፑም ከነዚህ ልጆች አንዱ ሆነ። እናቱና አባቱ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ እነማን እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ጽሑፍ የለም፤ ከአገሩ ከወጣ በኋላ የተጻፈለት ታሪክ ሁሉ የገዢዎቹና የጠላቶቹ ታሪክ ነው።

ልጁ የመን ውስጥ በሞካ ወደብ ከተሸጠ በኋላ ወደ ባግዳድ ተወሰደ። በዚያም ሚር ቃሲም የተባለ ነጋዴ ገዛው። ሚር ቃሲም ልጁ አስተዋይ መሆኑን ተመልክቶ ማንበብና መጻፍ አስተማረው፤ የእስልምናንም ሃይማኖት እንዲቀበል አደረገው፤ ስሙንም አምባር ብሎ ጠራው። ይህ ስም በእኛ ቋንቋ በእጅ ከሚጠለቀው ጌጥ ጋራ በድምፅ ቢመሳሰልም ትርጕሙ ሌላ ነው፤ ዐረቦች አምባር የሚሉት ከባሕር የሚገኘውን፣ ሽቶ የሚቀመምበትን ውድ ነገር ነው። በዚያ አገር ባሪያን በሽቶና በዕንቊ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ስሙ ያማረ ቢሆንም ያው የሸቀጥ ስም መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምባር ከባግዳድ ወደ ደካን ተወሰደ። በዚያም የገዛው ቼንጊዝ ኻን የተባለው የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ነው። ይህ ሰው ከሞንጎሉ ድል አድራጊ ጋራ ሞክሼ ይሁን እንጂ እርሱም ራሱ በባርነት ከአፍሪካ የመጣ ሐበሻ ነበር። እዚህ ላይ የደካን ነገሥታት ስለ ምን ሐበሾችን ከባሕር ማዶ እየገዙ እንደሚያመጡ መግለጽ ይገባናል። በደካን ሱልጣኖች ግቢ የአገሩ መኳንንትና ከፋርስ የመጡት መኳንንት ለሥልጣን ሲሻሙ ይኖሩ ነበር። ሱልጣኑ ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሌለው፣ ተስፋው ሁሉ በጌታው ላይ ብቻ የሆነ ወታደር ይፈልግ ነበርና ሐበሻውን ልጅ ገዝቶ፣ መግቦና አስታጥቆ ያሳድገዋል። ጌታው የሞተ እንደ ሆነ ግን ይህ ወታደር ብዙ ጊዜ ነጻ ሰው ሆኖ ለፈለገው አለቃ ያድራል። በዚህ መንገድ ብዙ ሐበሾች የጦር አለቆችና የምሽግ ሹሞች ሆነዋል። እንግዲህ ባርነቱ እንደ ሌላው የእርሻና የማዕድን ባርነት ዕድሜ ልክ አይሁን እንጂ መነሻው ያው የልጅ ሽያጭ ነበር።

ቼንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ አጋማሽ ሲሞት ሚስቱ አምባርን ነጻ አወጣችው። አምባር አገባ፤ ልጆችም ወለደ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያህል ጥቂት ፈረሰኞች አስከትሎ ከጌታ ወደ ጌታ እየተዛወረ በወታደርነት ኖረ። ወደ ጎረቤቱ ወደ ቢጃፑር መንግሥት ሄዶ ባገለገለበት ጊዜ ማሊክ የሚለውን የማዕርግ ስም አገኘ። በ1595 ወደ አሕመድናጋር ተመልሶ አባንግ ኻን ለተባለ ሌላ ሐበሻ የጦር አለቃ አደረ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 50 ይጠጋ ነበር። በዚህ ዕድሜ ቢሞት ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ሰው ባልተገኘም ነበር።

ያን ዓመት የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ደካንን ለመያዝ ጦሩን አዘመተ። አሕመድናጋርን ቻንድ ቢቢ የተባለችው ጀግና ልዕልት ለጊዜው ተከላክላ ብታድናትም፣ በ1600 እርሷ በገዛ ወታደሮቿ እጅ ተገደለች፤ ምሽጉም ወደቀ፤ ሕፃኑ ሱልጣንም ተማርኮ ተወሰደ። መኳንንቱ ግማሹ ለሙጋሎች ገባ፤ ግማሹም ተበተነ። ማሊክ አምባር ግን ከተማው ቢወድቅ አገሩ አልወደቀም ብሎ የተበተነውን ወታደር በገጠር ሰበሰበ። ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ አንድ ወጣት ፈልጎ ዳግማዊ ሙርታዛ ኒዛም ሻህ በሚል ስም አነገሠው፤ ሴት ልጁንም ዳረለት፤ እርሱም እንደራሴው ሆነ። በጦርነት ቈስሎ ከሜዳ ላይ ወታደሮቹ ተሸክመው ያወጡት ጊዜም ነበር። ራጁ የተባለውን ተቀናቃኙን ካሸነፈ በኋላ ግን በመንግሥቱ ውስጥ የሚወዳደረው አልተገኘም።

እንግዲህ ጉብኝታችንን ከዚህ ላይ እንጀምር። በከተማው ውስጥ ጧት ጧት ሰውና ተሽከርካሪ የሚተላለፍበት ባድካል የሚባል ታላቅ የድንጋይ በር አለ። ከተማዪቱ የበሮች ከተማ ትባላለች፤ አብዛኞቹ በሮች በአውራንግዜብ ዘመን የተሠሩ ሲሆኑ ይህኛው ግን የማሊክ አምባር ነው። በ1612 ያሠራው በሙጋሎች ላይ ያገኘውን ድል ለማስታወስ ነው ይባላል። በዚያው ዘመን በ50 ምሰሶዎች ላይ የቆመውን የጁምዓ መስጊድ፣ ጥቊር በሆነው የአገሩ ድንጋይ የታነጹ ሌሎች መስጊዶችንና ናውካንዳ የተባለውን ቤተ መንግሥት አሠርቷል። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛው ፈርሷል፤ በሩና መስጊዱ ግን አሁንም ቆመዋል።

በሩን የሚያይ እንግዳ ድሉ በምን እንደ ተገኘ መጠየቁ አይቀርም። የሙጋል ጦር ብዙ ሠራዊት፣ ዝሆንና ከባድ መድፍ ያለው፣ ሲጓዝም ከነድንኳኑና ከነስንቁ አንድ ከተማ የሚያህል ነበር። ማሊክ አምባር እንዲህ ያለውን ጦር በሜዳ ላይ ፊት ለፊት መግጠም ከንቱ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ የደካን ተወላጆች የሆኑትን የማራታን ፈረሰኞች በብዛት አስከተተ። እነዚህ ሰዎች አነስተኛ ስንቅ በኮርቻቸው ይዘው ተራራውንና ሸለቆውን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ነበሩ። ጠላት ሲገፋ ያፈገፍጋሉ፤ ሲሰፍር በሌሊት ያስጨንቁታል፤ ስንቅ የጫነውን ጓዝ ይቆርጡበታል፤ በመጨረሻም ተርቦና ደክሞ ሲመለስ ከኋላው ይመቱታል። በ1610 ገደማ ሕንድን የጎበኘው እንግሊዛዊው ነጋዴ ዊልያም ፊንች የማሊክ አምባርን ሠራዊት 10 ሺህ ሐበሻና 40 ሺህ የደካን ሰው አድርጎ ገምቶታል። ከማራታዎቹ አለቆች መካከል ሻሃጂ ቦንስሌ ይገኝበት ነበር። የዚህ ሰው ልጅ ሺቫጂ በኋላ የማራታን መንግሥት አቋቊሞ ሙጋሎችን የተዋጋው በዚሁ የሽምቅ ስልት ነው። ስለዚህ ማሊክ አምባር ያሸነፈው በሐበሻ ጉልበት ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ታሪኩን ጎደሎ አድርጎታል። ሐበሻው መሪ ነበር፤ መሬቱና ፈረሱ ግን የደካን ነበሩ።

የአክባር ልጅ ጃሃንጊር ይህን ሰው ከሁሉ አብልጦ ይጠላው ነበር። ስለ ዘመኑ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቀለሙን እየጠቀሰ ሳይሰድበው አያልፍም። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን የተባለው የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ የሠራው አንድ ሥዕል በአየርላንድ አገር፣ በደብሊን ከተማ፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በሥዕሉ ላይ ጃሃንጊር በዓለም ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ ላይ በተሰካው በማሊክ አምባር ራስ ላይ ፍላጻ ሲወረውር ይታያል። ነገር ግን ይህ ነገር ከሥዕሉ በቀር በየትም አልተፈጸመም። የሕንድን አብዛኛውን ክፍል የያዘው ንጉሠ ነገሥት በጦር ሜዳ ሊያገኘው ያልቻለውን ራስ በቀለም አገኘው ማለት ነው።

ይሁንና ድል ሁልጊዜ ከማሊክ አምባር ጋራ አልነበረም። በዚያው በ1616 አንዳንድ አለቆቹ ከድተውት ወደ ሙጋሎች ሲገቡ በሮሻንጋዎን ተሸነፈ፤ የሙጋሎችም ጦር ኪርኪ ገብቶ ከተማዪቱን አቃጠለ። በዚያን ጊዜ ማሊክ አምባር ወደ 70 ዓመት የሚጠጋ ሽማግሌ ነበር። በ6 ዓመት የሠራውን ከተማ አመድ ሆኖ ሲያየው ሌላ ቦታ መፈለግ ወይም በምሽግ ውስጥ መቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ተመልሶ ሠራት። ከሥራዎቹም ሁሉ የሚበልጠው በ1617 ገደማ የተቈፈረው የውሃ ቦይ ነው።

ስለዚህ ከባድካል በር ቀጥሎ እንግዳው ሊጠይቀው የሚገባው በምድር ላይ የሚታየውን ሳይሆን ከእግሩ በታች ያለውን ነው። በደካን ዝናም የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምድሩ ይደርቃል። ማሊክ አምባር ከከተማው በስተ ሰሜን ባሉት ኰረብቶች ሥር የሚጠራቀመውን የከርሰ ምድር ውሃ በመሬት ውስጥ በተቈፈረ ቦይ እየሳበ ወደ ኪርኪ አመጣው። ቦዩ በጥቂቱ እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ ውሃው ያለ እንስራ፣ ያለ በሬና ያለ መዘውር በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። በየመካከሉ ለጽዳትና ለጥገና ሰው የሚገባባቸው ጕድጓዶች ተከፍተውለታል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ውሃው በሸክላ ቧንቧ እየተከፋፈለ፣ የውሃውን ግፊት በሚያስተካክሉ የድንጋይ ዓምዶች ላይ እየወጣና እየወረደ፣ ወደየሰፈሩ ማጠራቀሚያ ይደርሳል። አሠራሩ በፋርስ አገር ቃናት ከሚባለው ጋራ ይመሳሰላል። ይህ ቦይ ነህረ አምባሪ፣ ማለትም የአምባር ወንዝ ይባላል፤ ከ300 ዓመት በላይም አገልግሏል። እንግዳው ቀደም ብሎ ያየው የፓንቻኪ ወፍጮ ከማሊክ አምባር ሞት ከ100 ዓመት በኋላ የተሠራ ቢሆንም፣ ውሃው ከሩቅ ምንጭ በዚሁ ዓይነት ዘዴ በሸክላ ቧንቧ የሚመጣ ነው። ዛሬ ከተማዪቱ በጣም ስለ ሰፋች ከጎዳቫሪ ወንዝ ግድብ ውሃ በሞተር እየተገፋ ይመጣላታል፤ ነዋሪውም የቧንቧ ውሃ ለማግኘት ተራውን ቀናት እየቈጠረ ይጠብቃል።

ማሊክ አምባር ለገበሬውም እንዲሁ አሰበ። ከእርሱ በፊት የነበረው ልማድ የአንድን አውራጃ ግብር በቅድሚያ ብዙ ለሚከፍል ሰው መሸጥ ነበር፤ ያም ሰው የከፈለውን ለማትረፍ ገበሬውን ይግጠዋል። ማሊክ አምባር ይህን ሻረ። መሬቱ ለምና ጠፍ እየተባለ እንዲመደብ፣ ግብሩም በምርቱ መጠን እንዲሆን፣ ይህም በኋላ በገንዘብ እንዲተመን አደረገ። ግብር የሚሰበስቡትን ሹማምንት በብዛት ከአገሩ ብራህሚኖች መረጠ። በእኛ አገርም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ የሚለው አመዳደብ ምን ያህል የገበሬውን ኑሮ ይነካ እንደ ነበር የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሥራ ክብደት ለመገመት አይቸግረውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳውላታባድ እንውጣ። ምሽጉ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሾጣጣ ተራራ ላይ ተሠርቷል። ሙሐመድ ቱግሉክ የተባለው የዴልሂ ሱልጣን በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ አዛውሮ ነበር። ማሊክ አምባርም ሱልጣኑን በዚህ ምሽግ አስቀምጦ በስሙ ይገዛ ነበር። ነገር ግን ይህ ተራራ የማሊክ አምባርን ክፉ ሥራም ያስታውሰናል። በ1610 በእርሱና ባነገሠው በሙርታዛ መካከል ጠብ ተነሣ። የጠቡ ምክንያት የሱልጣኑ ፋርሳዊት ሚስት የማሊክ አምባርን ልጅ የባሪያ ልጅ ብላ መስደቧ ነው ይባላል። ማሊክ አምባር ሱልጣኑን በመርዝ አስገደለና የ5 ዓመት ልጁን በአልጋው ላይ አስቀመጠ። ይህን አሳንሶ መጻፍ ለእኛ አይገባንም። በሥልጣን ላይ 10 ዓመት ከቈየ በኋላ እንኳ የባርነቱ ስም ቤቱ ድረስ ተከትሎት መምጣቱ ያሳዝናል፤ ስድብን በመርዝ መመለስ ግን የሰማነውን ያህል ትልቅነት አይደለም።

በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢም ፈተናው አልቀነሰም። በ1621 ሙጋሎች ሁለተኛ ጊዜ ኪርኪ ገብተው አጠፏት። በ1624 ደግሞ ሙጋሎችና የቢጃፑር መንግሥት ተባብረው መጡበት። ማሊክ አምባር በአሕመድናጋር አጠገብ በባትቫዲ ከሐይቁ ግድብ ውሃውን ለቀቀባቸው። የጠላት ሰፈር ጭቃ ሆነ፤ ዝሆኑና መድፉ ተያዘ፤ ፈረሰኞቹም ሌሊት ሌሊት እየወጡ ስንቁን ቆረጡት። ሁለቱም ጦሮች ተሸነፉ። ከተማ ያጠጣበትን የውሃ ዕውቀት ለጦርነትም ያዋለው ይህ ሰው በዚያን ጊዜ ዕድሜው 76 ገደማ ነበር።

ማሊክ አምባር በግንቦት ወር 1626፣ በ78 ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። መቃብሩ ከዳውላታባድ አልፎ በሚገኘው በኩልዳባድ ነው። እንግዳው እዚያ የሚደርሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ብዙውንም ጊዜ ሰዎች የሚወስዱት በ1707 ወደ ሞተው ወደ አውራንግዜብ መቃብር ነው። የአውራንግዜብ መቃብር ጣራ የሌለው፣ አፈር የለበሰ ትሑት መቃብር ነው። ማሊክ አምባር ግን በሕይወቱ ሳለ ያሠራው ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት አለው። ከሞተ በኋላ የጃሃንጊር ታሪክ ጸሐፊ ሙታማድ ኻን በጦር ስልት፣ በአመራርና በአስተዳደር አቻ የሌለው ሰው እንደ ነበረ መሰከረለት። የጌታን ጠላት ማመስገን ቀላል ነገር አይደለም።

የማሊክ አምባር ልጅ ፋቴህ ኻን ግን የአባቱን ቦታ ይዞ አገሩን መጠበቅ አልቻለም። በመኳንንቱ መካከል ጠቡ በዛ፤ ፋቴህ ኻን ራሱ ታሰረ፤ ተፈትቶም ሱልጣኑን ገደለ፤ በ1633 ዳውላታባድን ለሙጋሎች አስረከበ። በ1636 የአሕመድናጋር መንግሥት ፈጽሞ ጠፋ። ሌሎች ሐበሾች ግን በባሕሩ ላይ ባለችው በጃንጂራ ምሽግ መንግሥት መሥርተው እስከ 1948 ድረስ ቈይተዋል። በሕንድ ሲዲ የሚባሉት ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ተወላጆች እስከ አሁን ድረስ ይገኛሉ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስ። ማሊክ አምባር ለእኛ ምናችን ነው? የሚኰራው ወገን አንድ ነገር ማሰብ ይገባዋል። ይህን ልጅ የወለደችው አገር አልጠበቀችውም፤ ያሳጣችው ሰላም በሌላ አገር ተገኘለት ለማለትም አይቻልም፤ ፊደል ያስተማረው የገዛው ነጋዴ ነው፤ ሥራ የሰጠው የባዕድ መንግሥት ነው፤ ከተማ የሠራውም ለባዕድ ሕዝብ ነው። እርሱ ደካንን አገሬ ብሎ ተዋጋላት፤ እዚያም ተቀበረ። በዚያው መንገድ ከተነዱት በሺህ ከሚቈጠሩ ልጆች መካከል የአንዱ ስም ቢታወቅ የሌሎቹ ስም አለመታወቁ ኵራታችንን ሊያበርደው ይገባል። የሚያፍረው ወገን ደግሞ ሌላ ነገር ያስብ። ነውሩ የሸጠውና የገዛው ነው እንጂ የተሸጠው ልጅ አይደለም። ሰው በልጅነቱ የደረሰበት ግፍ በሽምግልናው የሠራውን ሥራ አይሽረውም።

እኛ በትምህርት ላይ ያለን ወጣቶች ከእርሱ ልንወስድ የምንችለው ነገር ያለ ይመስለናል። ማሊክ አምባር የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አልነበረም። ነገር ግን የተቃጠለ ከተማ በእጁ ላይ በቀረ ጊዜ የሰው ቤት ድረስ የሚሄድ ውሃ አስቈፈረ። የአገሩን ቋንቋ፣ የአገሩን ፈረሰኛና የአገሩን መሬት ከተወላጁ አብልጦ ለማወቅ ደከመ። እኛ በአገራችን ተወልደን፣ በአገራችን ገበሬ ግብር እየተማርን፣ አገራችንን የዚያን ያህል ለማወቅ ካልደከምን በስሙ መኵራት የሰው ልብስ ተውሶ ለሠርግ እንደ መሄድ ይሆንብናል።

ከተማዪቱ አራት ስም ወጥቶላታል። እርሱ ኪርኪ አላት፤ ልጁ ፋቴህናጋር አላት፤ በ1653 በአውራንግዜብ ስም አውራንጋባድ ተባለች፤ በ2023 በሺቫጂ ልጅ በሳምባጂ ስም ተጠራች። ከአራቱ አንዱም የቈረቈራትን ሰው ስም አልያዘም። ስሙን ይዞ የቀረው ማንም ሊያይ የማይሄደው፣ በመሬት ውስጥ የተቈፈረው የውሃ ቦይ ብቻ ነው።